እብዷን የረሳት አለቃ

ጸጥበሉን አለቃ ሁን ብሎ አንገቱን የያዘው ሰው አልነበረም። በገዛ እግሩ ሄዶ ነው ወንበሩ ላይ የተቀመጠው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ እንዳታዝኑለት ብዬ አይደለም፤ እዘኑለት፣ እኔም አዝኜለታለሁ። ግን እውነቱ እውነት ነው።

ጸጥበሉ እናት አባቱ ያወጡለት ስም አይደለም። ሊፍት የሚጠግኑት ጓደኞቹ ናቸው እንዲህ የሰየሙት። ሥራ ላይ ሲሆን አጠገቡ ሰው ካስነጠሰ እንኳ "ጸጥ በሉ!" ይላል። "ይሄ ሰውዬ የሞተ ዕለት ለቀስተኛውን ጸጥ አሰኝቶ ነው የሚቀበረው" እያሉ ይስቁበት ነበር። ይሳቁ። እሱ ግንባሩ ላይ ባትሪ አስሮ ጨለማው የሊፍት ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ፣ የቤት ኪራዩም፣ የአማቱ ኩርፊያም፣ የሰው ወሬም ውጭ ይቀራሉ። ከብረቱና ከሽቦው በቀር ዓለም የለችም። ምሳውን ይረሳል። ማታ ቤቱ ሲገባ ጥፍሩ በግራሶ ጠቁሮ፣ ፊቱ ግን ፈክቶ ነበር። ደስተኛ መሆኑን አያውቅም እንጂ ደስተኛ ነበር። ሰው ካልታመመ መች ጤናውን ያውቀዋል?

የጥገና ክፍሉ ኃላፊ ጡረታ ሲወጣ ወንበሩ ባዶ ሆነ። ሚስቱ "አንተ እስከ መቼ ነው እንደ አይጥ ከጉድጓድ ጉድጓድ የምትኖረው? እኩዮችህ እኮ ቢሮ ይዘዋል" አለችው። እውነቷን ነው፣ ይዘዋል። ተወዳደረ፣ አለፈ። ዘመድ ወዳጁ "እሰይ፣ ሰው ሆንክ!" አለው፤ እስከዚያ ድረስ ምን እንደነበረ ግን የነገረው የለም። ታላቅ እህቱ ብቻ "ደስ ብሎሃል ማሙሽ?" ብላ ጠየቀችው። እናታቸው ከሞተች ወዲህ ያሳደገችው እሷ ናት፣ ጡረታ የወጣች አዋላጅ። ፀጉሩ ቢሸብትም ለእሷ አሁንም ማሙሽ ነው። "እንዴታ፣ እትዬ!" አላትና ወሬ ለወጠ።

ወንበሩ ላይ ፍርሃት ተቀምጦ ነበር የጠበቀው። ስልክ በጮኸ ቁጥር ከማንሳቱ በፊት ቁጥሩን ደጋግሞ ያያል። አንዱን ደብዳቤ ሳይጨርስ ሌላው ይመጣል፤ አንዱ ስብሰባ ላይ ቁጭ ብሎ ስለሌላው ስብሰባ ይጨነቃል። ሲጠይቁት የመለሰውን ደግሞ ማታ አልጋው ላይ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ እንደገና ይመልሰዋል። "ዛሬ ነው የሚነቃብኝ፣ ዛሬ ነው ይሄ ሰው ለዚህ አይሆንም የምባለው" እያለ ሲሳቀቅ ይውላል። ተመልሼ ልጠግን እንዳይል ደግሞ ሰው ምን ይለኛል! ከወንበር ወርዶ ግራሶ? ካፈርኩ አይመልሰኝ ብሎ ተቀመጠ።

አሁን ስለ እብዷ ልንገራችሁ፤ እሷን ካላወቃችሁ የሚመጣው አይገባችሁም። ሊፍት በሩ ካልተዘጋ ከቦታው አይነሳም። በየፎቁ በር ላይ አንዲት ትንሽ ማብሪያ አለች፤ በሩ ሲገጥም ብረቶቿ ይነካካሉ፣ ያኔ ሊፍቱ ይሄዳል። ከእነዚህ አንዷ ተበላሽታ ሊፍቱን ስታቆመው፣ ጥፋቱ ከእሷ መሆኑን ለማወቅ ጠጋኞቹ ጣሪያ ላይ ባለው የሞተር ክፍል አንዲት አጭር ሽቦ ይቀጥላሉ። ሽቦዋ "በሩ ሁሉ ተዘግቷል" ብላ ሊፍቱን ትዋሸዋለች። እሷ እስካለች ድረስ በሩ ተበርግዶ እያለ ይሄዳል፤ ሰው ይሁን ዕቃ ግድ የለውም። ለዚህ ነው እብዷ የሚሏት። ደንብ አላት። ሁለት ሰው ከሌለ አትገባም። የሚያስገባት "እብዷ ገባች!" ብሎ ይጮኻል፣ ጓደኛው "ገባች!" ብሎ ይቀበለዋል፤ ስትወጣም እንደዚሁ። እሷ ውስጥ እያለች ስልክ ማንሳት ነውር ነው። ይህን ደንብ እንደ ጸጥበሉ ያጠበቀ ሰው አልነበረም።

አንድ ቀን ጠዋት እህቱ ቢሮው ደወለች።

"ማሙሽ፣ ይሄ ሊፍት ቆሟል። በዚህ ጉልበቴ እዚህ ላይ ተሰቅዬ ልቀር ነው? ከሰዓት የዓይን ሐኪም ቀጠሮ አለኝ እኮ!"

የምትኖረው በአንድ አሮጌ ሕንፃ የመጨረሻው ፎቅ ላይ ነው። ሊፍቱም እንደ ሕንፃው አሮጌ ነው፣ በሮቹ በእጅ የሚከፈቱና በእጅ የሚዘጉ። ጸጥበሉ አለቃ ነውና ሰው መላክ ይችል ነበር። ቀጮን ቢልከው ይበቃ ነበር። ቀጮ የድሮ የሥራ ጓደኛው ነው፤ ብቻውን ገብቶ ሊፍት የሚሞላ ወፍራም ሰው፣ ስሙን ያወጡለት ለቀልድ ነው። ጸጥበሉን ግን እጁን በላው። መፍቻ ከጨበጠ ስንት ጊዜው! ደግሞም አለቃ ሆኖ ሲጠግን መታየቱ አሳፈረው። ለማንም ሳይናገር የቀጮን የመሣሪያ ቦርሳ ከመጋዘን አንስቶ እንደ ሌባ ሹልክ ብሎ ወጣ። ብቻውን።

ጣሪያው ላይ ወጥቶ፣ ኮቱን ምስማር ላይ ሰቅሎ፣ የሞተሩ ሽታ አፍንጫው ውስጥ ሲገባ እንባው ሊመጣ ምንም አልቀረው። እብዷን ቀጠለ። ከልማዱ የተነሳ "እብዷ ገባች!" ብሎም ጮኸ። የሚመልስለት የለም። በራሱ ሳቅ አለና ወደ እህቱ ፎቅ ወረደ። ጥፋቷ እዚያው እህቱ ፎቅ ባለው የሊፍት በር ላይ ነበረች፤ ማብሪያዋ ቆሽሻ መንካት አቅቷታል። ጠራረጋት፣ አስተካከላት። እህቱ በርጩማ አውጥታ አጠገቡ ተቀምጣ ታየዋለች። "እንዲህ ሆነህ ካየሁህ ቆየሁ" አለችው።

ያን ጊዜ ስልኩ ጮኸ። ዋና ሥራ አስኪያጁ ነው።

"የት ነህ አንተ? እንግዶቹ እኮ መጥተዋል! ሰው ሁሉ አንተን ነው የሚጠብቀው!"

"መጣሁ ጌታዬ፣ መንገድ ላይ ነኝ፣ ደረስኩ!" አለ። ውሸቱን።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ ጸጥበሉ የሚለቅም ጊዜ እንኳ አላገኘም። ጣሪያው ላይ ሮጦ ወጣ፤ ኮቱን አነሳ፣ ቦርሳውን አነሳ። ጭንቅላቱ ግን ስብሰባው ላይ ነበር፣ እንግዶቹ ምን እንደሚጠይቁትና እሱ ምን እንደሚመልስ። ልብ ካላየ ዓይን አያይም፤ እብዷ ፊት ለፊቱ ሆና ሳያያት ወረደ። ሊፍቱን ሞከረው፣ ያለ አንዳች እንከን መሬት አደረሰው። ለምን አያደርሰው! እብዷ ያለችበት ሊፍት መች እምቢ ብሎ ያውቃል?

"እጅህ ይባረክ!" ስትል የእህቱ ድምፅ በሊፍቱ ጉድጓድ ተከተለው።

ቦርሳውን መጋዘን መልሶ ስብሰባው ላይ ደረሰ። ስብሰባው ተጀመረ፣ ምሳ ሆነ፣ ከምሳ በኋላ ቀጠለ። ጸጥበሉ ስለ ቀጣዩ ዓመት ዕቅድ ቆሞ ሲናገር በሩ ገርበብ አለና የቀጮ ሰፊ ፊት ብቅ አለ። በእጁ ይጠቅሰዋል። ጸጥበሉ ይቅርታ ጠይቆ ወጣ።

"አለቃ፣ አትቆጣ፣ ለትንሽ ነገር ነው" አለ ቀጮ እየሳቀ። "ቦርሳዬን ሰው ነክቶታል። ሁሉም አለ፣ እብዷ የለችም። ማን ይሆን ያገባት? ሠርጉ ላይ እንኳ አልተጠራንም!"

ጸጥበሉ ክው አለ። ደሙ ከፊቱ ሲወርድ ለቀጮ ታየው፤ ሳቁን አቆመ።

"ምነው? ምን ሆንክ?"

"እትዬ ጋ ናት።"

"ማን?"

"እብዷ። በእትዬ ሕንፃ ሊፍት ላይ ናት። ብቻዬን ነበርኩ ቀጮ… ረሳኋት።"

ቀጮ የሞተር ሳይክሉን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ወደ ውጭ ሮጠ። ሁለቱም የእህቱን አመል ያውቃሉ። ሕንፃው በሙሉ ያውቀዋል፣ ስንት ጊዜ ጎረቤት ተጣልቷታል። ከቤት ስትወጣ የሊፍቱን በር ከፍታ ቦርሳዋን ውስጥ ታስቀምጣለች። በሩ ክፍት ከሆነ ሊፍቱ አይሄድባትማ! ከዚያ ተመልሳ መስኮት ትዘጋለች፣ መነጽር ትፈልጋለች፣ ምድጃ ታያለች። ከታች "ኧረ ልቀቂልን!" እያሉ ሲጮኹባት "መጣሁ፣ መጣሁ!" ትላለች፣ ዘው ብላ ትገባለች። ዕድሜዋን ሙሉ ሊፍቱ ጠብቋታል። ዛሬ ግን አንድ ሰው ከታች ከጠራው፣ በሩን እንደተከፈተ ጥሎ ይወርዳል። እሷም ባዶ ጉድጓድ ውስጥ ዘው ትላለች። ዓይኗ ደግሞ ደካማ ነው። ለዚያ አይደል ሐኪም ቤት የምትሄደው!

ጸጥበሉ ደወለላት። ይጠራል፣ አይነሳም። እንደገና ደወለ። ስልኳን ወጥ ቤት ሰክታ ረስታዋለች፣ ሁልጊዜ እንደዚያው ናት። የዘበኛው ቁጥር የለው፣ የጎረቤት ቁጥር የለው። የስልክ ማውጫ የሚያህል የቢሮ ሰው ቁጥር ይዞ፣ ከዚያ ሕንፃ የአንድ ሰው እንኳ አልያዘም።

ሞተር ሳይክሉ ላይ ቀጮን ከወገቡ አቅፎ፣ ክራባቱ በነፋስ ፊቱን እየመታው ይሄዳል፤ መንገደኛ ዞር እያለ ይስቅባቸዋል። ወፍራምና ባለ ሱፍ በአንድ ሞተር! መኪና መንገዱን ዘግቶት ሲቆሙ ጸጥበሉ "ሂድ! ሂድ በእናትህ!" ይላል፣ ቀጮ በእግረኛ መንገድ ይገባል፣ ሰው ይሳደባል። ጸጥበሉ አልሰማም። ወድቃለች፣ አልወደቀችም፣ ወድቃለች። "የፈሩት ይደርሳል" የሚሉት ነገር ትዝ አለውና ራሱን በቡጢ መታ።

ሕንፃው ጋ ሲደርሱ ጩኸት የለም፣ የተሰበሰበ ሰው የለም። ደስ ሊለው ሲል፣ የጋዝ ሲሊንደር የተሸከመ አንድ ሰውዬ ሊፍቱ በር ላይ ቆሞ አየ። ቁልፉን ተጭኖ ይጠብቃል። ሊፍቱ እየወረደ ነው፣ ሲንቋቋ ይሰማል።

"አትጥራው!" አለ ጸጥበሉ።

"ጠራሁት እኮ፣ ይኸው መጣ" አለ ሰውዬው።

ሊፍቱ ቆመ። ሰውዬው በሩን ሳበው። ውስጥ ሰው የለም። ወለሉ ላይ የእህቱ ጥቁር ቦርሳ ብቻዋን ቁጭ ብላለች።

"የማን ናት ደግሞ?" አለ ሰውዬው።

ጸጥበሉ ደረጃውን ይዞ እግሬ አውጪኝ አለ። ከላይ በሩ ክፍት ነው ማለት ነው። ቦርሳዋን አስቀምጣ ተመልሳለች ማለት ነው። አሁን ናት፣ በዚህች ደቂቃ። ለወራት አንድ ነገር ብቻ አስቦ የማያውቅ ጭንቅላት፣ አሁን ከአንድ ነገር በቀር ምንም አያስብም። እንዳትገባ። እንዳትገባ። ሊጮኽ አፉን ከፈተ፤ ትንፋሽ የለም። ለትንፋሹም ለጩኸቱም የሚበቃ አየር ደረቱ ውስጥ አልነበረም።

ቀጮ ከታች ቀርቷል፣ ያ ሰውነት ደረጃ አያወጣውም። ሊረዳ ብሎ በበሩ ወደ ውስጥ ተጠጋና፣ በሳጥኑና በግድግዳው መሃል ባለችው ክፍተት ወደ ላይ፣ ባለ በሌለ ኃይሉ "እትዬ! እትዬ!" ብሎ ጮኸ። ምስኪን። ጉድጓዱ ድምፁን ተቀብሎ እስከ ጣሪያው አደረሰው።

ከላይ የሴት ድምፅ መለሰ።

"መጣሁ! መጣሁ! ምን ያስጮኻችኋል፣ አትለቁኝም እንዴ!"

ጸጥበሉ ይህን የሰማው ሁለት ፎቅ ሲቀረው ነው። ቀስ ብላ ብትመጣ ጨለማው አጠራጥሯት ልትቆም የምትችል ሴት፣ በጓደኛው ጩኸት የተነሳ እየተቻኮለች መሆኗ ገባው። በእጁ ጭምር እየቧጠጠ ወጣ። የቤቷ በር ሲቆለፍ ሰማ። የጫማዋን ኮቴ ሰማ። የመጨረሻውን ደረጃ ሲያልፍ አያት፤ አንገቷን ደፍታ የሹራቧ ኪስ ውስጥ መነጽር እየፈለገች፣ "ሰው ትንሽ እንኳ አይታገሥም" እያለች ትሄዳለች። ፊቷ ያለው የሊፍት በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ከበሩ በስተጀርባ ጨለማ ነው። አንድ እግሯን አነሳች።

ከወገቧ ያዛት። ወደ ኋላ ሲስባት ሁለቱም ሲሚንቶው ላይ ወደቁ፣ እሷ በላዩ። ከእግሯ ጫማዋ ተስፈንጥራ ጉድጓዱ ውስጥ ገባች። ዝም አለ፣ ዝም አለ፣ ከዚያ ከሩቅ ጓ! አለ። ወዲያው ከታች የቀጮ ጩኸት መጣ። ያን ጩኸት የሰማ ሰው አይረሳውም። ሰው ሲሞትበት የሚጮኸው ጩኸት ነው።

"አለች!" ለማለት ሞከረ ጸጥበሉ። ቀጮ ለረጅም ጊዜ ጮኸ።

እህቱ መጀመሪያ ትከሻውን መታችው። "አብደሃል አንተ ልጅ? አጥንቴን ልትሰብረው ነው?" ከዚያ ቀና ብላ በሩን አየች። ጨለማውን አየች። ባዶ እግሯን አየች። እጁን ይዛ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠች፣ ከንፈሯ አመድ መሰለ።

"ሊፍቱ የታለ?" አለች በቀስታ።

"ታች ነው።"

"በሩ ክፍት ሆኖ? እንዴት ይሆናል?" ትንሽ አሰበችና ተቆጣች። "ማነው የነካካው? አንተ እኮ ጠዋት አሳምረህ ሠርተኸው ነበር! አንተ ከሄድክ በኋላ የትኛው ልበ ቢስ ነው መጥቶ የነካካው?"

ጸጥበሉ ሊዋሽ ይችል ነበር። እብዷ የምትባል ነገር መኖሩን እንኳ አታውቅም።

"ማንም አልነካካውም እትዬ።"

አየችው። ብዙ ሕፃናት ወደዚህ ዓለም የተቀበለች ሴት ናት፣ የሰው ፊት ታነባለች። የያዘችውን እጁን አልለቀቀችም፣ ግን ጣቶቿ ላላ አሉ።

"ስልኩ ነው" አለች። "ጠዋት ስልኩ ሲጮኽ ፊትህ ሌላ ሰው ሆነ። አይቻለሁ።" ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

በመጨረሻ ቀጮ ደረሰ። እንዴት እንደወጣ እንጃ፣ ላብ አጥምቆታል፣ ዓይኑ ቀልቷል። እህቱን ቁጭ ብላ ሲያያት ግድግዳው ላይ ግንባሩን አሳርፎ ትከሻው ተናወጠ። ከዚያ የሊፍቱን በር ዘግቶ ጣሪያው ላይ ወጣ። ዋናውን ኤሌክትሪክ አጠፋ፣ እብዷን ነቅሎ ይዞ ወረደ።

ጸጥበሉ ተነስቶ ቆመ። ሱሪው ጉልበቱ ላይ ተቀዷል።

"ወንበሩን ነገ እመልሳለሁ" አለው። "በቃኝ። ለእኔ አይሆንም፣ መጀመሪያም አልሆነም። ሰው የፈለገውን ይበል። ወደ ሥራዬ፣ ወደ አንተ እመለሳለሁ።" ይህን ሲናገር፣ እንዲያ ፈርቶም ቢሆን፣ ደረቱ ላይ የቆየ ድንጋይ የወረደለት መሰለው። ቀጮ እቅፍ የሚያደርገው መሰለው።

ቀጮ ሽቦዋን ጣቱ ላይ ይጠመጥማል፣ ይፈታል።

"ወንበሩን መልስ። ጥሩ ነው" አለ። "ከእኔ ጋር ግን አይሆንም።"

"ምን ማለትህ ነው?"

"ያ ጫማ ሲወድቅ ከታች የነበርኩት እኔ ነኝ። ጓ ሲል እሷ መሰለችኝ። እኔ ጠርቼ የገደልኳት መሰለኝ።" ሽቦዋን ኪሱ ውስጥ ከተታት። "ወንድሜ ነህ፣ እወድሃለሁ፣ ታውቃለህ። ግን እኔ ጉድጓድ ውስጥ ሆኜ አንተ ከላይ እብዷን ስትይዝ… ልጆች አሉኝ። እፈራሃለሁ።"

በሕይወቱ ሁሉ ሲቀልድ ብቻ የኖረ ሰው ነው፤ ጸጥበሉ የቀልድ ምልክት ፊቱ ላይ ፈለገ፣ አጣ። ሊቆጣ ፈለገ፣ ቁጣም አልመጣለትም። ከሁለት ያጣ ሆኖ መቅረቱን ያን ጊዜ ነው ያወቀው። ያ ደስ ይለው የነበረ ጨለማ፣ ሁልጊዜ ተመልሼ እገባበታለሁ እያለ ሲጽናናበት የኖረው፣ በሩ ተዘግቶበታል። የዘጋውም ራሱ ነው።

"እኔም ራሴን ፈርቼዋለሁ" አለ።

እህቱ ሌላ ጫማ ከቤት አስመጥታ አደረገች። ቀጠሮዋ አልፏል፤ ግን "እዚህ አልቀመጥም፣ ሰው ወዳለበት ውሰዱኝ" አለች። ሊፍቱን ቀና ብሎ ያየው የለም። ጸጥበሉ ደረጃው አፋፍ ላይ ክንዱን ዘረጋላት። እሷም ልትይዘው እጇን ሰደደች። ከዚያ፣ ሳታስበው ነው፣ ክፉ ሴት አይደለችም፣ እጇ መንገድ ላይ ዞረና የቀጮን ክንድ ያዘ።

ጸጥበሉ ክንዱን ሰበሰበ። ከፊቷ አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ፣ ጀርባውን ለቁልቁለቱ ሰጥቶ፣ ብትወድቅ በእሱ ላይ እንድትወድቅ፣ የኋሊት እየተራመደ መውረድ ጀመረ። ዓይኑን ከእግሯ ላይ አላነሳም።